አባቴ የተማረው አካሄድ

የአባቴ በሽታ መጀመሪያ የታየው እግሩ ላይ ሳይሆን ትልሙ ላይ ነው። የመንግሥት እርሻ ትራክተር ነጂ ነበር። ከገንዳ ውሃ ወደ መተማ ዮሐንስ ሲኬድ ግራና ቀኝ ያለውን ጥቁር መሬት ዲስክ እየጎተተ ይገለብጠው ነበር። ሌሎቹ ያረሱትን ማንም ለይቶ አያውቅም፤ የአባቴን ግን ካቦው ከሩቅ ይለየዋል። ከአንዱ ግራር ተነሥቶ ሌላው ግራር እስኪደርስ በገመድ የተለካ ይመስላል። አንድ ክረምት መግቢያ ላይ ያ ትልም መሀል ላይ ሲደርስ ወደ ግራ ሄደ፤ ከዚያ እንደ መንቃት ብሎ ወደ ቀኝ ተመለሰ። ካቦው ቆሞ አየው፤ ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አከከና ሄደ።

ብዙም ሳይቆይ ስብሰባ ተጠራ። ያኔ ስብሰባ የማይጠራበት ነገር አልነበረም። አንዱ ተነሥቶ ይህ ሰው ጠጥቶ ይነዳል አለ። ሌላው ደግሞ መጠጥ ሳይሆን አሻጥር ነው፣ ድንበሩ ቅርብ ነው፣ ሰው በልቡ ምን እንደያዘ አይታወቅም አለ። አሻጥር በዚያ ዘመን ሰው የሚያስበላ ቃል ነበር። አባቴ ሊመልስ ብድግ ሲል ተንገዳገደና የፊቱን ሰው ትከሻ ያዘ፤ አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ሳቁ አተረፈው ማለት ይቻላል። አሻጥሩ ቀርቶ ሰካራም ተባለና ከትራክተሩ ወርዶ የመጋዘን ጠባቂ ሆነ። እኔ ግን አባቴ ከፋሲካ ጠላ በቀር መጠጥ ሲቀምስ አላየሁም። ሰዉ ሲስቅ እኔ በመስኮት ነበርሁ፤ እስከ ዛሬ ያንን ሳቅ አልወደውም።

በዚያ ጊዜ መዋጮ የማንጠየቅበት ቀን አልነበረም። ለአባቴ በሽታ ግን ሰው ሁሉ ሳይጠየቅ ምክንያት አዋጣ። የክሊኒኩ ድሬሰር «ወባ ጭንቅላቱ ላይ ወጥታ ነው» ብሎ ኪኒን ሰጠው፤ ኪኒኑ ጆሮውን አስጮኸው እንጅ እግሩን አላቀናውም። ጎረቤቶቻችን ምች ነው አሉ፤ ከደጋ ዳማከሴ ተልኮ ተጨምቆ በአፍንጫው ገባ። አንዱ ደግሞ የወባ ረጪዎች ግድግዳችን ላይ የነፉት ዲዲቲ ነው አለ። ዲዲቲው ለምን እኔንና እናቴን እንደተወን የሚመልስልን ሰው ግን አላገኘንም። እናቴ ቀጥ ያለ ትልሙን ያየ ሰው ዓይን ነው ብላ ጠበል ወሰደችው። ጠበሉ ስለሚያቀዘቅዘው ደስ ይለው ነበር፤ ከዚያ በተረፈ ሲሄድም ተንገዳግዶ፣ ሲመለስም ተንገዳግዶ ነው። ንግግሩም እየከበደ፣ ቃሉ አፉ ውስጥ እየተጎተተ መጣ።

ደከመን። ከበሽታው ይልቅ ያደከመን ምክንያቱ ነው። አንዱን ሞክረን ስንጨርስ ሌላው ተራውን ይጠብቃል፤ ሁሉም የየራሱ መንገድና የየራሱ ክልከላ አለው። እናቴ አንድ ቀን አንገረቡ ላይ፣ ያ በገመድ የተጠለፈ አልጋችን ላይ ተዘርግታ «ምነው እንደው አንዱን ብለውን ቢገላግሉን» አለች። እኔም እንደሷ ብያለሁ።

የሰሊጥ አጨዳ ደረሰና አጫጆች በጭነት መኪና ከደጋ ወረዱ። ከነሱ ጋር አንድ ጆንያ ሰፊ መጣ። የደንቢያ ሰው ነው፤ ጓያ ሁለት እግሩን ሰብሮት በሁለት ዘንግ ነው የሚሄደው። ጓያ ደጋ ላይ ክፉ ዓመት ሲመጣ ድሀ የሚበላው እህል ነው። አብዝቶ የበላው እግሩ ይደርቅና ጉልበቱ ሳይዘረጋ በጣቱ እየቆመ፣ አንዱን እግር በሌላው ላይ እያነባበረ ይቀራል። የአገሩ ሰው ገለባው ላይ የተኛ፣ ጠዋት በጤዛው የተራመደም ይሰበራል ይላል። ሰውየው ማጨድ ስለማይችል መጋዘኑ ደጅ ተቀምጦ ጆንያ ይሰፋል፤ አላፊ አግዳሚውንም ከወገብ በታች ይመለከታል። እግር የሌለው ሰው የሰው እግር ያያል እያለ ይቀልድ ነበር።

የአባቴን ምሳ ይዤ ስደርስ አባቴ ከመጋዘኑ ወጥቶ ወደኔ እየመጣ ነበር። ጆንያ ሰፊው መርፌውን አቁሞ ሲያየው ቆየ።

«አንቱ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ ከወይራው ሥር ያለው ቤት ልጅ አይደሉም?» አለው።

«የትኛው ወይራ?» አለ አባቴ።

«ያገራችን ነዋ። አባትዎን ልጅ ሁኜ አውቃቸዋለሁ። ሲሄዱ እንዲሁ ነበሩ፤ መሬቱ የሚሸሻቸው ነው የሚመስል። ኋላ እህትዎም እንዲያው ሁነው ቀሩ። ፊትዎንማ መቸ አውቄው፤ ባካሄድዎ ነው ያወቅሁዎ።»

አባቴ ቆመ። መቆም ለሱ ከመሄድ የበለጠ ከባድ ስለነበር የበሩን መቃን ያዘ። «ተሳስተሃል» አለው። «እኔ እንዳንተው ጓያ የሰበረኝ ነኝ።»

ሰውየው መጀመሪያ የራሱን እግር፣ ቀጥሎ የአባቴን እግር አየ። ከዚያ ምሳ ይዤ የቆምሁትን እኔን አየኝ፤ ዓይኑ እኔ ላይ ሲያርፍ ነገሩ እንደ ገባው ታወቀኝ። «እንግዲያስ ተሳስቻለሁ» ብሎ ወደ ስፌቱ ተመለሰ።

እኔም ያን ጊዜ ገባኝ። አባቴ አገሩን አሳይቶን አያውቅም። ዘመድ የለኝም፣ መሬቱም ተወስዷል ይለን ነበር። ሰሊጥና ደሞዝ ፍለጋ ወደ ቆላ የወረደ ይመስለኝ ነበር። ለካ ከዚያ አካሄድ ሸሽቶ ነው፤ አካሄዱ ግን አብሮት ወርዷል። ዘር ከልጓም ይስባል የሚሉት ለክብር ብቻ አይደለም።

ለምን እንደዋሸ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም። መተማ ዮሐንስ ላይ ሱቅ ያለው ነጋዴ ለልጁ ሊጠይቀኝ አስቦ አጨዳው ሲያልቅ ሽማግሌ እንደሚልክ አስወርቷል። በኛ ዘንድ ሽማግሌ ሲመጣ ከሀብት በፊት የሚጠየቀው ዘር ነው። ቡዳ ወይም ቁምጥና ይኖርባቸው እንደሆነ፣ የሚጥል በሽታም እንዳለባቸው ይጠየቃል። ጓያን ግን ማንም አይጠይቅም። ጓያ የክፉ ዓመት ጠባሳ ነው፤ አባትን ሰብሮ ልጅን ይተዋል። በዚያ ዘመን ሰው ሁሉ ጓድ ነበር፣ የኔ አባት ብቻ ጓያ ልሁን አለ። እኔ ግን ከሽማግሌው ይልቅ የራሴ እግር አስጨነቀኝ። ውሃ ስቀዳ፣ እንጨት ስሸከም እርምጃየን ማዳመጥ ጀመርሁ።

ድሬሰሩ ለጎንደር ሆስፒታል ወረቀት ጻፈልን፤ ቀበሌው ይለፍ ፈቀደልንና እናቴን ቤት ትተን እኔና አባቴ በጭነት መኪና የሰሊጥ ጆንያ ላይ ተቀምጠን ወጣን። በየኬላው በወረድን ቁጥር የሚፈትሸን ወታደር ጠጥቶ እንደሆነ አባቴን እያሸተተ ያልፋል። ጎንደር ስንደርስ የተመደበልን ሐኪም ነጭ ነው፤ ድንበሩ ላይ ኸዋጃ የምንለው ዓይነት። አጠገቡ አማርኛውን የሚተረጉም ጎልማሳ ነርስ ቆሟል። ከመተማ መምጣታችንን ሲሰማ ፊቱ በራ።

«ያገሬ ልጆች ናችሁ!» አለ። «እኔም የዚያው ነኝ። ደግሞ ወሬ ደርሶኛል፤ ሽማግሌ ሊላክለት የታሰበው እኮ የእህቴ ልጅ ነው። ዘመድ ልንሆን ነው።»

አባቴ ከዚያ በኋላ ግንድ ሆነ።

ኸዋጃው ደህና ሰው ነበር፣ አልቸኮለም። አባቴን ጣትህን አፍንጫህ ላይ አድርግ አለው፤ ጣቱ ጉንጩን መታ። ጉልበቱን በትንሽ መዶሻ ነካ ነካ አደረገው፤ እግሩን ይዞ አጥፎ ዘረጋው። የወለሉን የሲሚንቶ መስመር ይዞ እንዲሄድ አዘዘው፤ አባቴ ሁለት ሳይራመድ ነርሱ ደገፈው። መጠጥ ትጠጣለህ ወይ፣ ወባ አስተኝቶህ ያውቃል ወይ፣ መርዝ ነክተሃል ወይ እያለ አንዱን ምክንያት እያነሣ ሌላውን ይጥላል። እኛ ያን ሁሉ ጊዜ የደከምንበትን እሱ በአንድ ቁጭታ ያበጥረው ነበር።

«ጓያ ነው» አለ አባቴ ሳይጠየቅ።

ነርሱ ተረጎመ። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀና ረጅም ነገር ተናገረ። «ጓያ አይደለም ይላል» አለ ነርሱ። «ጓያ የሰበረው እግሩ እንጨት ነው፤ የእርስዎ ግን ላልቷል። ደግሞ ጓያ እጅና ምላስ አይነካም። አንዴ ከሰበረም እዚያው ይቆማል እንጅ እንዲህ እየባሰ አይሄድም ይላል። ካባትዎ ወይ ከናትዎ፣ ከወንድም ከእህትዎ እንዲህ የሆነ ሰው አለ ወይ ነው ጥያቄው።»

«የለም።»

ሐኪሙ ጥያቄውን ቃሉን እየለወጠ ደጋገመው። መልሱ ያው የለም ነበር። ነርሱ ከራሱ ጨምሮ ዝቅ ባለ ድምፅ «አባቴ፣ በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባላል እኮ» አለው።

«ባልሸሽገውስ መድኃኒት አለው?»

ነርሱ ጠይቆ መልሱን ሰማ። «የለውም ይላል። ግን ልጆች ካሉዎት ለነሱ ማወቁ ይጠቅማል ይላል።»

አባቴ ወደኔ አላየም። «አንድ ናት፤ ደህና ናት» አለ። ሐኪሙ ፈገግ ብሎ መስመሩን በጣቱ አሳየኝ። ሄድሁ። ከጥግ እስከ ጥግ ቀጥ ብየ ሄጄ ተመለስሁ። አባቴ የያዘውን ትንፋሽ ሲለቅ ሰማሁት። እኔ ግን በሕይወቴ እንደዚያን ዕለት እግሬን ጠልቼው አላውቅም። አፌን ብከፍት የወይራው ሥር ቤት ነገር በሙሉ አፌ ላይ ነበር፤ አልከፈትሁትም። የራሴን ፍርድ በራሴ አፍ መናገር ፈራሁ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ሐኪሙ አባቱ የማይታወቅ በሽታ ነው ብሎ ጻፈና አሰናበተን።

ስንመለስ ጆንያው ላይ ተጋድመን ሳለ «አባየ፣ እኔ ሰምቻለሁ እኮ፤ ጆንያ ሰፊው ያለዎትን» አልሁት።

«የማይድን ከሆነ ማወቁ ለማን ይበጃል?» አለኝ በዚያ በሚጎተት አንደበቱ። «እኔ እንደ ጓያ ነቃይ የፊት የፊቴን ነው የማየው። አንቺን ልዳርሽ። ኋላ ያለውን ኋላ ያለ ይየው።»

መተማ እንደደረስን አባቴ ጆንያ ሰፊው ዘንድ ሄደ። ምን እንዳለው አልሰማሁም፤ በማግስቱ ግን ሁለት ዘንግ ይዞ ብቅ አለ። ሐኪሙ ጓያ አይደለም ለማለት የደረደረውን ሁሉ አባቴ እንደ ትምህርት ይዞት ኖሯል። እግሩ መድረቅ አለበት፣ እጁ ዘንጉ ላይ መታሰር አለበት፣ ምላሱም ዝም ማለት አለበት። ጠዋት ጠዋት ሠራተኛው ወደ ማሳ ሲበተን ሁለቱ መጋዘኑ ጀርባ ይገቡ ነበር።

«ጉልበትዎን አያላሉት! እንጨት ነው፣ እንጨት ነው ይበሉ!» ይላል ጆንያ ሰፊው። «ተረከዝ አያስነኩ። በጣትዎ፣ በጣትዎ! እኔ ዕድሜየን ሙሉ የተሸከምሁትን በነጻ ሳስተምርዎ ምነው አይማሩም?»

አባቴ ይወድቃል። ይስቃሉ። እንደገና ይነሣል። ሰው ጤነኛ ለመምሰል ሲለፋ አይቻለሁ፤ አንዱን ሕመም በሌላ ሕመም ለመሸፈን እንዲህ ሲለፋ ግን ያየሁት አባቴን ብቻ ነው። ጉልበቱ ቆስሎ ደም ሱሪው ላይ ደርቆ ሲገባ እናቴ ታጥብለታለች፤ እሷም ጠይቃ ሳይሆን አይታ አውቃለች። እኔ ተናደድሁ። ማን ለምኖዎታል ልለው ብዙ ጊዜ ተነሥቻለሁ። አንድ ጠዋት ግን የመጋዘኑን ጀርባ ከዳር እስከ ዳር ሳይወድቅ በጓያ አካሄድ ሄደና ጆንያ ሰፊው «ተማም!» ብሎ በዐረብኛ ጮኸ፤ አለቀ፣ ደቀቀ ማለቱ ነው። አባቴ ላቡን እየጠረገ ቀና ሲል አየኝ። ትራክተር ላይ ሳለ ትልሙን ጨርሶ ወደ ኋላ ዞር ብሎ የሚያየውን አስተያየት ነው ያየኝ። ንዴቴ የት እንደ ገባ አላውቅም፤ አለቀስሁ።

ሽማግሌዎቹ በእሑድ መጡ። ከነሱ አንዱ ያ ነርስ ነበር፤ ለእህቱ ልጅ ጉዳይ ብሎ ከጎንደር ወርዷል። ጓያ አይደለም ያለውን በገዛ አፉ የተረጎመ ሰው ነው። አባቴም አይቶታል፤ ግን አንዴ ከደጃፉ ወጥቷልና መመለሻ የለውም። ከቤታችን ሽማግሌዎቹ እስከተቀመጡበት ዛፍ ጥላ ድረስ በሁለት ዘንግ፣ በጣቱ እየቆመ፣ አንዱን እግር በሌላው ላይ እያነባበረ ሄደ። እግዜር ያሳያችሁ፣ አልወደቀም። ሽማግሌዎቹ «አይ ጓያ» ብለው ከንፈራቸውን መጠጡ።

ከዚያ ጠላ ቀረበና ሊመርቁ ሁሉም ዋንጫ አነሡ። ይህን አባቴም አስተማሪውም አላሰቡትም ነበር። አባቴ ዘንጉን ለቆ ዋንጫውን ሲይዝ እጁ ወዲያና ወዲህ ሄደ፤ ጠላው ጭኑ ላይ ፈሰሰ። ሊያስተካክል ሲል የቀረውም ደረቱ ላይ ፈሰሰ። ትልቁ ሽማግሌ ዋንጫቸውን ሳይቀምሱ አስቀመጡ።

«እጅዎንም ነው እንዴ?» አሉ። አባቴ ምላሱ እንዳያጋልጠው ዝም አለ። ሽማግሌው ወደ ነርሱ ዞሩ። «አንተ የሆስፒታል ሰው ነህ። ጓያ እጅ ይነካል?»

እኔ ከበሩ ኋላ ነበርሁ። ነርሱ አባቴን አየ፤ በጠላ የራሰ ደረቱንና የቆሰለ ጉልበቱን አየ። ከዚያ ተነሥቶ የአባቴን ዋንጫ እንደገና ሞላና በራሱ እጅ ይዞ ወደ አባቴ አፍ አስጠጋለት።

«ሲብስበት ይነካል» አለ። «ጓያ ነው።»

ትልቁ ሽማግሌ ዋንጫቸውን አነሡና መረቁ።

ከሠርጉ በፊት የሚያገባኝን የነጋዴውን ልጅ ወፍጮ ቤት ደጅ አገኘሁት። ሞተሩ ስለሚጮህ ምስጢሬን እየጮህሁ ነው የነገርሁት፤ የአባቴ ሕመም ጓያ አይደለም፣ የዘር ነው፣ በሱ ዕድሜ ስደርስ ለኔም ሊመጣ ይችላል አልሁት።

«አውቃለሁ» አለኝ። «አጎቴ የዚያኑ ዕለት ነግሮኛል። ለሽማግሌ ጓያ ብያለሁ፣ ላንተ ግን አልዋሽህም አለኝ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? አትተወኝም?»

ትከሻውን ነቀነቀ። ዱቄት ፊቱ ላይ ቦኖ ሽማግሌ መስሎ ነበር። «ወባው አለ፣ ጦርነቱ አለ፣ ምልመላው አለ» አለኝ። «በዚህ አገር አንቺ ያልሽው ዕድሜ ላይ ማን ይደርስና ነው?»

የፍቅር ቃል ሰማሁ የሚሉ ሴቶች አሉ፤ እኔ የሰማሁት ይህንን ነው። በቃኝ።

አባቴ መንግሥት ሲለወጥ አላየም። መጀመሪያ ምላሱ፣ ቀጥሎ መዋጡ ሄደ፤ አንገረቡ ላይ ተኝቶም የጠየቀውን ሁሉ ጓያ ነው ይል ነበር፣ ቃሉ ባይሰማም በእጁ እግሩን እያሳየ። ሲቀበር ሰዉ «ጓያ ገደለው» አለ። ጆንያ ሰፊው መቃብሩ ዳር ቆሞ ነበር፤ በነዚያው ዘንጎች፣ በዚያው አቋቋም፣ ከመጣበት ቀን አንድም ሳይብስበት። ጓያ እንደማይገድል የሚያይ ዓይን ያለው ሰው ከሱ ሌላ ምስክር አያሻውም ነበር። ማንም ግን አላነሣውም።

ዛሬ የራሳችን የሰሊጥ መሬት አለን፤ ትራክተሩን ልጄ ነው የሚነዳው። በየዓመቱ እርሻ ሲጀመር ምግብ ላድርስ ብየ እሄዳለሁ። ምግቡ ሰበብ ነው፤ የምሄደው ትልሙን ለማየት ነው። ዘንድሮም ሄድሁ። ማሳው ዳር ቆሜ ከግራሩ እስከ ወዲያኛው ጫፍ አየሁት፤ ቀጥ ያለ ነው። ደስ ብሎኝ በጓሉ ላይ ወደሱ መሄድ ጀመርሁ።

ልጄ ሞተሩን አጥፍቶ ከላይ ሆኖ ያየኝ ነበር። እኔ ትልሙን ሳይ እሱ ለካ እግሬን ያያል። ካምና ጀምሮ መሬቱ እንደሚሸሸኝ እኔ አውቃለሁ፤ ለሰው አልተናገርሁም።

«እማየ!» አለኝ እየሳቀ፤ የአያቱን ታሪክ ቤት ውስጥ ሲወራ ሰምቶ ነው ያደገው። «አንቺንም ጓያ ሰበረሽ እንዴ?»

አዎ ልለው ቃሉ አፌ ላይ መጣ፤ አባቴ ለፍቶ ያወረሰኝ ቃል ነው። ቆላ ተወልጄ ቆላ ያረጀሁ ሴት ጓያ የሚባለውን እህል እንኳ በዓይኔ አላየሁትም። ልጄ ከትራክተሩ ዘሎ ወረደና ወደኔ መጣ፤ እግሩን አየሁት፣ ቀጥ ብሎ ነው የመጣው። ክንዴን ያዘኝ። ሳቁን ትቶ ነበር።

«የአያትህም ጓያ አልነበረም» አልሁት።